ከአርባ ድምፅ መሀል አንዱን መለየት፦ ስለሚያበሩ አንቲቦዲዎች



ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው ሴሚስተር ሊያልቅ አካባቢ ከዶርማችን ልጆች አንዱን ሳል አልለቀው አለ። ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ሄዶ ተመረመረ፤ የሳንባ ቲቢ ተባለ፤ መድኃኒት ጀመረ። እውነቱን ልናገርና ያን ጊዜ ጥሩ ወንድም አልነበርኩም። ሶላት ላይ ከጎኑ ላለመቆም ሰበብ እየፈለግኩ ወደ ሌላ ሶፍ እሄድ ነበር። ከአንድ ትሪ አብረን መብላት የተውነው ደግሞ ማናችንም ምንም ሳንባባል ነው። ቲቢ በትሪም ሆነ በመጨባበጥ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በሚተነፈስ አየር ነው፤ እሱም መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ በፍጥነት ይቀንሳል። እኛ ግን የሸሸነው ትሪውን ነው፤ የዶርሙን መስኮት ግን ብርድ ፈርተን እንደዘጋነው ነበርን።

ከዚያ እኛ አብረነው የምንኖረውም እንድንመረመር ተጠራን። የጤና ባለሙያዋ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ እንዳለን ጠየቀችን፤ የለንም አልን፤ ምልክት ከታየ ቶሎ እንድንመለስ ነግራ አሰናበተችን። ከበሩ ላይ አንዳችን ዘወር ብሎ «እንግዲህ ባክቴሪያው በውስጣችን የለም ማለት ነው?» አላት። «እሱን በዚህ ማወቅ አይቻልም» አለች።

ትክክል ነበረች። ግን እኔ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ «አይለካም» የሚባል ነገር ስሰማ እንቅልፍ ይነሳኛል። የሰው አካል ባክቴሪያውን አግኝቶት እንደሆነና አሁን ምን እያደረገው እንዳለ ከደም ማንበብ ይቻላል ወይ? ይህን ለማወቅ ማንበብ ጀመርኩ፤ እዚህ ላይ የምጽፈው ከዚያ ንባብ ያገኘሁትን ነው። በንባቤ መሀል ያልጠበቅኩት ነገርም ገጠመኝ። የዚህ ምርምር አንድ ክፍል የተሠራው በእኛው በሆሳዕና ሰዎች ደም ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ መልእክቶቹ። ነጭ የደም ሕዋሶቻችን እርስ በርስ የሚነጋገሩት በትናንሽ ፕሮቲኖች ነው፤ ሳይቶካይን ይባላሉ። አንዱ ሕዋስ ይሠራና ወደ ውጭ ይለቀዋል፤ ሌላው ሕዋስ በላዩ ላይ ባለ ተቀባይ ይይዘውና ትእዛዙን ይፈጽማል። በቲቢ ጉዳይ ሁለቱን ማወቅ ይበቃናል። ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን የሚልኩት በዋናነት ቲ ሕዋሶች ናቸው፤ ማክሮፋጅ ለሚባሉት በላተኛ ሕዋሶች «የዋጥከውን ባክቴሪያ ግደል» የሚል ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው ቲኤንኤፍ ነው፤ ሕዋሶች ባክቴሪያውን ከብበው ግድግዳ እንዲሠሩበትና ግድግዳው እንዳይፈርስ ያደርጋል። ይህ የመጻሕፍት ወሬ ብቻ አይደለም። የመገጣጠሚያ ብግነት ላለባቸው ሰዎች ቲኤንኤፍን የሚያግድ ኢንፍሊክሲማብ የተባለ መድኃኒት ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ በቲቢ የታመሙ 70 ሰዎች ተዘገቡ። አንዱን መልእክት ዝም ስታሰኘው ተከቦ የኖረው ባክቴሪያ ይወጣል ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ ሩብ የሚሆነው በቲቢ ባክቴሪያ ተይዞ እንደሚያውቅ ይገምታል። ከእነዚህ ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ናቸው፤ ኤችአይቪ ካለ ቁጥሩ በጣም ይጨምራል። የቀሩት ድብቅ ቲቢ አለባቸው ይባላል፤ አያስሉም፣ ለማንም አያስተላልፉም። ስለዚህ ከባዱ ጥያቄ «ባክቴሪያው አግኝቶሃል ወይ?» የሚለው አይደለም፤ ካገኘው ሰው ውስጥ ማን ተቆጣጥሮት ይኖራል፣ ማንስ ነገ ይታመማል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ሻሸጎ ልውሰዳችሁ። ልጅ ሆኜ ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እሄድ ነበር። ከአስር በኋላ ወደ አርባ የምንሆን ልጆች ሎሃችንን ይዘን፣ ሁላችንም የየራሳችንን ሱራ በአንድ ጊዜ ጮክ ብለን እናነባለን። በመንገድ የሚያልፍ ሰው የሚሰማው እንደ ንብ ቀፎ ያለ አንድ ትልቅ ድምፅ ነው፤ ጮኸ ወይም ቀነሰ ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም። ኡስታዛችን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው ድንገት «አንተ! እሷን መልሰህ አንብብ» ይላሉ፤ የሚጠቁሙት ደግሞ በትክክል የተሳሳተውን ልጅ ነው። እንዴት እንደሚያደርጉት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሳይቶካይንን የመለካት ዘዴዎችም በእነዚህ ሁለት ሰዎች ይመሰላሉ። የመንገደኛው ዓይነት አለካክ እንዲህ ነው፦ ደሙን ከባክቴሪያው ቁራጭ ጋር አንድ ሌሊት ያህል ታቆየዋለህ፤ ከዚያ ፈሳሹ ውስጥ የተጠራቀመውን ኢንተርፌሮን ጋማ በሙሉ ትለካለህ። ዛሬ ለድብቅ ቲቢ ከሚሠሩት የደም ምርመራዎች አንዱ በዚህ መንገድ ነው የሚሄድ። ጥሩ ምርመራ ነው፤ ግን የሚነግርህ የድምፁን መጠን ብቻ ነው። አንድ ሺህ ሕዋሶች ትንሽ ትንሽ ተናገሩ ወይስ ሃምሳ ሕዋሶች ጮኹ? ያው ሕዋስ ሁለት መልእክት በአንድ ላይ ይልካል ወይስ አንድ ብቻ? አይታወቅም። የኡስታዙን ጆሮ የሚሰጠን የሚያበራ አንቲቦዲ ነው።

አንቲቦዲ ማለት ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመያዝ የሚሠራው፣ ባለ ሁለት ክንድ ፕሮቲን ነው። የክንዶቹ ጫፍ አንድን ቅርፅ ብቻ ይይዛል፤ እንደ ቁልፍና ጋን ነው። የሰውን ኢንተርፌሮን ጋማ ለአይጥ ብትሰጣት ለእሷ ባዕድ ስለሆነ አንቲቦዲ ታመርትበታለች። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮለርና ሚልስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች በካምብሪጅ አንቲቦዲ የሚያመርተውን የአይጥ ሕዋስ ከማይሞት የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሃዱት። ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ በላቦራቶሪ ያለ ማቋረጥ ማምረት ተቻለ፤ በ1984 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው መካከል የሆኑትም በዚህ ነው። (ይህን ለጓደኞቼ ስነግር «ከአይጥ!» ብሎ ፊቱን ያጨማደደ አለ። ወደ ሰው አካል አይገባም፤ በመስታወት ውስጥ ባለ የደም ናሙና ላይ ነው የሚጨመረው።)

ቀለሙን ከአንቲቦዲው ጋር የማጣበቁ ሐሳብ ከዚህ ይቀድማል። አልበርት ኩንስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1941 የሚያበራ ቀለም የተጣበቀበት አንቲቦዲ ሥራውን እንደማይረሳ አሳየ። የመጀመሪያው ቀለማቸው ሰማያዊ ብርሃን ይሰጥ ነበር፤ ችግሩ የሰውነት ሥጋ ራሱ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ ሰማያዊ ያበራል። ምልክቱ ከጀርባው ጫጫታ አልለይ ሲላቸው አረንጓዴ ወደሚያበራው ፍሎረሲን ተሻገሩ። የምልክትና የጫጫታን ንፅፅር በክፍል ውስጥ ለተማርን ሰዎች ታሪኩ ደስ ይላል፤ ቀለም የተመረጠው ስላማረ ሳይሆን ጀርባው ጨለማ የሆነበት ቦታ ስለተገኘ ነው።

የሚያበራ ቀለም ሥራው ይህ ነው፦ አጭር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ይውጥና ረዘም ያለ የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ይመልሳል። የፍሎረሲን ዝርያ የሆነው ቀለም በ488 ናኖሜትር ሰማያዊ ሌዘር ሲመታ 520 ናኖሜትር አካባቢ አረንጓዴ ያበራል። ፊኮኤሪትሪን የሚባለው፣ መጀመሪያ ከቀይ የባሕር አልጌ የተገኘው፣ በዚያው ሌዘር 578 ላይ ወደ ብርቱካንማ ያበራል። በሚገባውና በሚወጣው ብርሃን መካከል ልዩነት ስላለ ሌዘሩን በማጣሪያ ዘግተን መልሱን ብቻ ማየት እንችላለን።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ቀስ ብለን እንየው፤ ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከክንድ ደም ይቀዳል፤ ነጭ ሕዋሶቹ ከቀዩ ይለያሉ። ወደ ቱቦ ይገቡና የቲቢ ባክቴሪያ ያለው ፕሮቲን ይጨመርባቸዋል። ለዚህ በብዛት የሚመረጠው ኢሳት-6 ነው። ምክንያቱም ሁላችንም ማለት ይቻላል በልጅነት የተከተብነው የቢሲጂ ክትባት ባክቴሪያ ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል አጥቷል። ስለዚህ ለኢሳት-6 የሚመልስ ሕዋስ ከክትባት ሳይሆን በአብዛኛው ከእውነተኛው ባክቴሪያ ጋር የተዋወቀ ነው። ቱቦው 37 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ባክቴሪያውን የሚያውቁት ሕዋሶች ይነቁና ሳይቶካይን መሥራት ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ ችግር አለ። ሕዋሱ መልእክቱን ሠርቶ ወዲያው ወደ ውጭ ይለቀዋል፤ ከተለቀቀ በኋላ የማን እንደነበረ አይታወቅም። መፍትሔው ከአንድ ሻጋታ የተገኘ ብሬፌልዲን ኤ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሲጨመር የሕዋሱን የመላኪያ መንገድ ይዘጋል። ሕዋሱ መሥራቱን ይቀጥላል፤ የሠራው ግን ከውስጡ ይከማቻል። ልጁ ቃሉን በአፉ እንደያዘ ኡስታዙ እስኪደርሱበት እንደ ማስቆም ነው።

ከዚያ የሕዋሱ ማንነት ይመዘገባል። በላዩ ላይ ሲዲ3 እና ሲዲ4 የሚባሉ ፕሮቲኖችን የሚይዙ አንቲቦዲዎች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቀለም፣ ይጨመራሉ። ቀጥሎ ሕዋሱ በፎርማልዲሃይድ ይደርቃል፤ ሳፖኒን በተባለ ሳሙና መሰል ነገር ሽፋኑ ይበሳል፤ በቀዳዳው በኩል የኢንተርፌሮን ጋማና የቲኤንኤፍ አንቲቦዲዎች በሌላ ቀለም ይገባሉ። ያልያዘው ይታጠባል፤ የያዘው ይቀራል። አሁን እያንዳንዱ ሕዋስ ስሙንና መልእክቱን በቀለም ለብሷል።

የሚያነበው መሣሪያ ፍሎው ሳይቶሜትር ይባላል። ሕዋሶቹ በቀጭን የፈሳሽ መስመር አንድ በአንድ ተሰልፈው በሌዘር ፊት ያልፋሉ፤ በሴኮንድ በሺዎች። እያንዳንዱ ሲያልፍ የሚሰጠው ብልጭታ በመስታወትና በማጣሪያ ተከፋፍሎ ወደ የራሱ ዳሳሽ ይሄዳል፤ ዳሳሹ ብርሃኑን ወደ ቮልቴጅ ይቀይረዋል፤ ኮምፒዩተሩ ይመዘግባል። ይህ መሣሪያ ለእናንተ አዲስ ከመሰላችሁ ቤተሰባችሁን ጠይቁ። ነፃ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 ከጀመረ ወዲህ በየሆስፒታሉ «ሲዲ ፎር ስንት ሆነ?» ሲባል ሰምተናል። ያ ቁጥር የሚወጣው የሲዲ4 አንቲቦዲ ላይ ቀለም አጣብቆ በሌዘር ፊት በማሳለፍ ነበር።

እዚህ ላይ የምህንድስና ልጆች ትንሽ ታገሱኝ፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ ይህን አንቀጽ ብትዘሉት አልቀየምም። ቀለሞቹ ድንበር አያከብሩም። የአረንጓዴው ጅራት ወደ ብርቱካንማው ዳሳሽ ይፈስሳል። ኢንተርፌሮን ጋማን በአረንጓዴ፣ ቲኤንኤፍን በብርቱካንማ ቀብታችሁ ከሆነ ኢንተርፌሮንን ብቻ የሠራ ሕዋስ ሁለቱንም የሠራ ይመስላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በአንድ ቀለም ብቻ የተቀቡ ናሙናዎች ይሮጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ቀለም ስንት በመቶው ወደየትኛው ዳሳሽ እንደሚፈስ ይለካል፤ ቁጥሮቹ በማትሪክስ ይደረደራሉ፤ የማትሪክሱ ግልባጭ ተወስዶ በመረጃው ላይ ይባዛል። ይኸው ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ «ይህ ሊኒየር አልጀብራ ለምን ይጠቅማል?» ብዬ ያጉረመረምኩበት ትምህርት የቲቢ ታማሚ ደም ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

ከሒሳቡ ይልቅ የሚከብደው በቀለም አለመታለል ነው። የሞተ ሕዋስ ይጣበቃል፤ ያገኘውን አንቲቦዲ ሁሉ ይይዛል፤ ሲታይ ከሁሉም በላይ የሚያበራ እሱ ነው። ስለዚህ ሙታንን የሚለይ ሌላ ቀለም ይጨመርና ከቆጠራ ይወጣሉ። አንዳንድ ሕዋሶች ደግሞ አንቲቦዲን በክንዱ ሳይሆን በእግሩ የሚይዝ ተቀባይ አላቸው፤ እነሱም ቀድመው ካልታገዱ የሐሰት ምስክር ይሆናሉ። ኢሳት-6 ያልተጨመረበት ቱቦ ጎን ለጎን መሄድ አለበት፤ በዚያ ቱቦ ውስጥ ያበራው ሁሉ ከዋናው ይቀነሳል። ሕዋስን ሁሉ የሚያነቃ ኃይለኛ ቀስቃሽ የተጨመረበት ሌላ ቱቦም ያስፈልጋል፤ እሱም ዝም ካለ ሕዋሶቹ በመንገድ ሞተዋል እንጂ ሰውየው ከቲቢ ነፃ ነው አይባልም። ሐዲስ ስንማር ኡስታዛችን መትኑ ያማረ ስለሆነ ብቻ አይወሰድም፣ ራዊው ማን ነው ይሉን ነበር። እዚህም ያለ መቆጣጠሪያ ቱቦ የቀረበ ባለ ቀለም ሥዕል ከምን ላይ እንደቆመ አይታወቅም።

ቁጥሩም ጉድ ነው። ለአንድ የባክቴሪያ ፕሮቲን የሚመልሱ ቲ ሕዋሶች ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ከ10,000 ሕዋስ 5 ይመልሳሉ እንበል። 10,000 ብቻ ቆጥረህ ብታቆም 5 አገኘህ፤ የዕድል ስሕተቱ የ5 ስኩዌር ሩት፣ ወደ 2 ይጠጋል፤ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። 200,000 ብትቆጥር ግን 100 ታገኛለህ፤ ስሕተቱ 10 ነው። ትዕግሥት የሚለካው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሆሳዕና። አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በአዲስ አበባ ከአለርት ሆስፒታል ጎን እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ነው፤ ስሙም እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ተሰይሟል። የተቋሙ ተመራማሪዎች ከዴንማርክ የሴረም ተቋምና ከሌሎች አጋሮች ጋር ሆነው በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቲቢ ታማሚዎችን፣ አብረዋቸው በአንድ ቤት የሚኖሩትንና ታማሚ የሌለባቸውን ነዋሪዎች አጠኑ። በ2002 የታተመው ሥራ ጤነኛ ከሆኑት ቤተሰቦች መካከል ለኢሳት-6 በኢንተርፌሮን ጋማ በኃይል የመለሱት፣ በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ የመታመም ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደነበር ያሳያል። በ2004 አበበች ደምሴና ባልደረቦቿ፣ በ2008 ደግሞ ሊያ ዋሴና ባልደረቦቿ የሆሳዕናን ተሳታፊዎች ይዘው ወደ ሌሎች መልእክቶች ሄዱ። ባክቴሪያውን ይዘው ጤነኛ ሆነው የሚኖሩት ሰዎች ከፍ ያለ ኢንተርፌሮን ጋማ ብቻ አልነበራቸውም። ኢንተርሉኪን-4 የሚባለውን ተቃራኒ መልእክት የሚያግድ ኢንተርሉኪን-4 ዴልታ 2 የተባለ የተፈጥሮ ማገጃም በብዛት ነበራቸው። የሁለቱ ሚዛን ደግሞ የሰዎቹ ጤና ሲለዋወጥ በጊዜ ሂደት አብሮ ይለዋወጥ ነበር።

ከላይ ለሆሳዕና የጠቀስኳቸው ሁለቱ ሥራዎች የለኩት በዋናነት አርኤንኤ ነው፤ ማለትም ፕሮቲኑ ከመሠራቱ በፊት ያለውን ረቂቅ። ረቂቅ መጻፉን ያሳያል፤ ደብዳቤው መላኩን፣ በይበልጥም የትኛው ሕዋስ እንደላከው አያሳይም። የሚያበራ አንቲቦዲ የሚሞላው ይህን ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ስዊዘርላንድ ያሉ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ ሦስት መልእክቶችን፣ ኢንተርፌሮን ጋማን፣ ቲኤንኤፍንና ኢንተርሉኪን-2ን፣ በአንድ ሕዋስ ላይ አብረው ለኩ። ድብቅ ቲቢ ባለባቸው ሰዎች ሦስቱንም አብረው የሚልኩ ሕዋሶች ይበዙ ነበር፤ በታመሙት ግን ቲኤንኤፍን ብቻ የሚልኩት በዝተው ተገኙ። በመንገደኛው ጆሮ ሁለቱም ሰዎች «አዎንታዊ» ናቸው። ልዩነቱ የታየው ማን ምን እንዳነበበ ሲታወቅ ነው። ከዚህ ተነስቶ ግን ነገ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ይህን ምርመራ አትጠይቁ፤ የምርምር መሣሪያ ነው፣ ከሰው ሰውም ውጤቱ ይደራረባል።

በአዲስ አበባም ይኸው ዘዴ በሥጋ ደዌ ላይ ሠርቷል። አንዳንድ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች በድንገት ትኩሳትና የሚያም እባጭ ይነሳባቸዋል፤ የሚጎዳቸው ባክቴሪያው ሳይሆን የራሳቸው የመከላከል ኃይል መቆጣት ነው። ኤደሳ ነገራና ባልደረቦቹ በአለርት ሆስፒታል እንዲህ ያለ ቁጣ የተነሳባቸው 46 እና ያልተነሳባቸው 31 ታማሚዎችን ደም በፍሎው ሳይቶሜትር አነጻጽረው በ2017 አሳተሙ። አምስት ምልክቶችን በቀለም ይዘው የፈለጉት ቁጣን የሚያረጋጉትን ቲ ሕዋሶች ነው። ቁጣ ባለባቸው 1.7 በመቶ፣ በሌሎቹ 3.8 በመቶ ሆነው አገኟቸው። አስታራቂዎቹ ከግማሽ በታች ወርደዋል ማለት ነው።

ለምን በውጭ አገር የተሠራው አይበቃንም ለሚል አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1999 በኢትዮጵያና በኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ትብብር የታተሙ ጥናቶች ጤነኛ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ከጤነኛ ሆላንዳውያን ያነሰ ሲዲ4 እንዳላቸው አሳይተዋል፤ ያሏቸውም ሕዋሶች የነቁት በዝተው፣ ገና ምንም ያላዩት አንሰው ተገኝተዋል። ከልጅነት ጀምሮ ከትላትሉም ከባክቴሪያውም ጋር ስንታገል የኖርን ስለሆንን አይገርምም። በሌላ ሕዝብ ደም የተሠራ «መደበኛ» ቁጥር ለእኛ ሲሠራ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በዚህ ነው። የእኛን የሚነግረን የእኛ ደም ነው።

ችግሩ ሕዋሱ ሕያው ሆኖ መድረስ አለበት። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደሙ በቆየ ቁጥር ሕዋሶቹ ይደክማሉ። ባለቀለም አንቲቦዲዎቹም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ከብርሃን ተሸሽገው መቀመጥ አለባቸው፤ አንዳንዶቹ ከበረዱ በኋላ አያበሩም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በ2004 ለዚህ ጥሩ መንገድ አሳትመዋል። ደሙ በተቀዳበት ከተማ ወዲያው ከባክቴሪያው ፕሮቲን ጋር 37 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል፤ ብሬፌልዲን እዚያው ይጨመራል፤ ሕዋሶቹ እዚያው ደርቀው ይቀዘቅዛሉ። ቀለሙና ሌዘሩ ከሳምንታት በኋላ ትልቁ ላቦራቶሪ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት እንደ ሆሳዕና፣ ዱራሜ ወይም ሾኔ ያለ ከተማ ውድ የሆነውን ሳይቶሜትር ባይኖረውም ከባዱን ክፍል መሥራት ይችላል። የሚያስፈልገው የሚታመን ሙቀት፣ ሰዓቱን ጠብቆ የሚያስታውስና የሙቀቱን መዝገብ የሚይዝ ሣጥን ነው።

ይህን ለዶርም ጓደኛዬ፣ ያ ስድስት ወር መድኃኒቱን ለጨረሰው፣ ነገርኩት። እሱም የእኔው ዲፓርትመንት ተማሪ ነው። ከእሱና ከሌላ አንድ ወንድም ጋር ሆነን ከአሮጌ የውኃ ማቀዝቀዣ ሣጥን፣ ከማሞቂያ ሽቦና ከአንድ ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር እንዲህ ያለ ነገር ሞክረናል። መብራት ሲኖር 37 ዲግሪን ከግማሽ ዲግሪ ሳያልፍ ለስድስት ሰዓት ይዟል። መብራት ሲጠፋ ግን ባትሪው አርባ ደቂቃ ብቻ ነው የሚያቆየው፤ የሆሳዕናን መብራት ታውቁታላችሁ። ከባዮሎጂ፣ ከሕክምና ላቦራቶሪ ወይም ከኬሚስትሪ ያላችሁ፣ በተለይ ሙቀትን አምቆ ስለሚይዝ ሰም የምታውቁ እህቶችና ወንድሞች፣ ከመግሪብ በኋላ በጀመዓው ቤተ መጻሕፍት ታገኙናላችሁ።